ጤነኛ ነው የተባለው ቴፕ

ካሴቷን ያመጣልን ሰው የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነበር። ኬላ ላይ እንዳትያዝበት ከጆንያው መሐል ቀብሮ ስላሻገራት፣ እኛ ዘንድ ስትደርስ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ትሸት ነበር። ገዳሪፍ ዳርቻ ካለችው የሣር ጎጇችን በር ላይ ቆሞ፣ ግባ ብንለው እንቢ ብሎ፣ በሁለት እጁ ለአባቴ ሰጣቸው።

«ባለቤትዎ ናት የላከችው» አላቸው። «በየት በኩል እንደምትወጣ፣ የት ሆናችሁ እንደምትጠብቋት፣ ሁሉንም ተናግራባታለች።»

«አንተስ ሰምተሃታል?»

«የሰው ምስጢር ምን ሊያደርግልኝ! ከመተማ ወዲያ፣ አገር ቤት ገበያው ላይ ቴፕ ያለው ሰው አለ፤ ሰው ተራ እየያዘ ይናገርበታል። የእኔ ሥራ ተቀብሎ ማድረስ ነው።»

በማግስቱ ወደ ከሰላ አለፈ።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። የሰባ ሰባትን ረሀብ ያየ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም፤ ላላየው ደግሞ ብነግረው አይገባውም። እኔና አባቴ ከአገር ከወጣን ዓመት አልፎን ነበር። እናቴ ግን አልጋ ላይ የዋለች እናቷን ጥላ አልወጣም ብላ፣ አምስት ዓመት ካልሞላት እህቴ ጋር እዚያው ቀረች። በዚያው ክረምት አያቴ ማረፏን ከመንገደኛ ሰማን። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። በአራተኛው ቀን አባቴ ፊታቸውን ታጥበው «እንግዲህ ትመጣለች» አሉ፤ ደስታቸውን ለመደበቅ ሲቸገሩ አየኋቸውና አዘንኩላቸው።

በዚያ ዓመት ሰዉ ከአገር ቤት በሁለት በኩል ነበር የሚፈሰው። አንዱ በመተማ ወደ ገላባት ነው። ሌላው ቆላ ለቆላ ዞሮ፣ በሑመራ በኩል አድርጎ ወደ ከሰላ ያወጣል። በሁለቱ መሐል የስንት ቀን መንገድ አለ። ድንበር ላይ ዘመድ ቆሞ ያልተቀበለው ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ የትኛው መጠለያ እንደሚወሰድ አይታወቅም፤ ኩፍኙና ተቅማጡ ደግሞ እዚያ መጠለያ ሰልፍ ላይ ነበር የሚጠብቀው። ሕፃን የያዘች ሴት ብቻዋን እዚያ ገብታ ምን እንደምትሆን በየቀኑ እናይ ነበር። ስለዚህ እናቴ በየት እንደምትወጣ ማወቅ ነበረብን፤ እሱም ካሴቷ ውስጥ ነበር።

ያን ጊዜ ገዳሪፍ ያለን ሀበሾች ደብዳቤ መጻጻፍ ትተን ነበር። ደብዳቤ ኬላ ላይ ይነበባል፤ ከዚያም በላይ አብዛኞቻችን ፊደል የት አውቀን። የምንላላከው በካሴት ነው። ካሴት የመጣ ቀን እንግዳ እንደመጣ ቤት ይጠረጋል፤ ቤተሰቡ ዙሪያውን ይቀመጣል፤ ድምፁ «እንደምን ሰነበታችሁ?» ሲል ሁሉም ባንድ አፍ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ዝም ብሎ መስማት ነውር ነው። ካሴቱ «በሉ ደኅና ሁኑ» ሲል ከመቀመጫቸው ብድግ የሚሉ ሽማግሌዎች አውቃለሁ። ሱዳኖቹ ይስቁብን ነበር። ይሳቁ።

መስሚያው ታዲያ አልጠፋም። ሻይ ቤቱ ቴፕ ነበረው፤ እኔ ልብስ የማጥብበትና ቤት የማጸዳበት የሱዳኖች ቤትም ነበረው። አባቴ ሁለቱንም አልፈለጉም።

«ሚስቴ ሻይ ቤት ገብታ አታውቅም» አሉ። «ድምፅዋም አይገባም።»

«አሠሪዎቼ ቤት እንውሰዳታ። ጓዳ ገብተን እንሰማለን።»

«በሰው ቤት? ብታለቅስስ? ደግሞ ጆሮ አለ፤ መንገዷን የሰማ ለማን እንደሚያወራ በምን ታውቂያለሽ?»

ይህን የመጨረሻውን የእውነት ፈርተው ይሁን ለኩራታቸው ሽፋን ፈልገው፣ ዛሬም አልለየሁትም። እኔ በተፈጥሮዬ እምቢ ባይ ነኝ። ለባል እምቢ ብያለሁ፣ ለአሠሪ እምቢ ብያለሁ፣ ለፖሊስም እምቢ ብዬ አንድ ቀን ታስሬ ውያለሁ። ዕድሜዬን እምቢ ስል ኖሬ፣ እምቢ ማለት በነበረብኝ በዚያች ቀን እሺ አልኩ። ካሴቷን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሥራ ቦታዬ ወስጃት ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

አባቴ ከቁረይሻ የሰሊጥ አጨዳ ከተመለሱ ሳምንት አልሞላቸውም። ዝናቡ በሱዳንም ከድቶ ስለነበር ሰሊጡ ከጉልበት አላለፈም ነበር፤ ያም ሆኖ ወገባቸው እስኪቆረጥ አጭደው ያገኟትን፣ ለማሽላ መግዣ ያስቀመጥናትን፣ ይዘን የራሳችንን ቴፕ ልንገዛ ገበያ ወጣን። ባለሱቁ ጢሙ የሸበተ፣ ጀለቢያው የጸዳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። አባቴን ማተባቸው አንገታቸው ላይ እየታየ «ያ ሐጅ» ይላቸዋል፤ በአክብሮት ነው። አባቴ ዓረብኛቸው ከእርሻ ቃል ስለማያልፍ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ቴፑን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ከመሳቢያው የዘፈን ካሴት መዞ ከተተበት። ዘፈኑ ሱቁን ሞላው። ባለሱቁ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና «ወላሂ፣ ይሄ በልጅ ልጅህ ሠርግ ላይ ይዘፍናል» አለ። ከዚያ ጣቱን ቀስሮ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። «ብልሽት ካገኛችሁበት ወደ እኔ አምጡት፣ እቀይራለሁ። ሌላ ሰው በመፍቻ የነካውን ዕቃ ግን አልቀበልም።» ትክክለኛ ነገር ነው የተናገረው፤ እሺ ብለን ተለያየን።

ቤት ስንደርስ አባቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እኔ አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስገባሁ፣ ካሴቷን ከተትኩ፣ የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫንኩ። አጠገቡ ያለችው ቀይዋ ቁልፍ አብራ ወረደች። እንደ ተጠመዱ በሬዎች አንዱ ሲሄድ ሌላው የሚከተል መሰለኝ። ከዚያ በፊት የቴፕ ቁልፍ ነክቼ አላውቅም፤ አሠሪዎቼ ቤትም አቧራውን ከመጥረግ በቀር አይፈቀድልኝም ነበር። ሥርዓቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ካሴቷ ትዞራለች፤ ድምፅ ግን የለም።

«አትናገርም እኮ» አልኩ።

አባቴ ሳቅ አሉ። «ቀድመን ካልሰላምናት መች ትናገራለች? እናትሽን አታውቂያትም? ይሉኝታዋን?»

ወደ ቴፑ ጎንበስ አሉና፣ መንገድ ማዶ ላለ ሰው እንደሚናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅሽም ደኅና ናት፣ ይችውልሽ። በይ ተናገሪ፣ እየሰማን ነው።»

ጠበቅን። ካሴቷ ዞረች። እኔ ቶሎ ይቆጣኛል፣ ላጥፋው አልኩ። አባቴ እጄን ያዙኝ። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። መጀመሪያ ባዶ ትተው ይሆናል፤ ትንሽ ታገሽ።» ታገስን። ከዚያም ድንጋዩ ደክሞ ይሆናል ብለን ሌላ ገዝተን፣ ካቆመችበት ቀጥለን ታገስን። አሁንም ዝም። በሌላው ገጿ ይሆናል ብለን ገለበጥናት፤ ዝም። መልሰን ገለበጥናት። የጎረቤት አህያ ጮኸ፤ አባቴ «ዝም በል!» ብለው አህያውን ተቆጡ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እየከፈትንና እያጠፋን ዋልን።

በማግስቱ ቴፑን አቅፌ ከአባቴ ጋር ወደ ሱቁ ተመለስኩ። «አይሠራም» አልኩት ባለሱቁን።

ከመሳቢያው ያንኑ የዘፈን ካሴት አወጣ። ተጫነ። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ። ማጫወቻው ብቻውን ወርዶ ቀይዋ ቁልፍ ቀጥ ብላ ቆማለች። ዓይኔ አይቷታል፤ ይህን አልክድም። ልቤ ግን ዘፈኑ ላይ ነበር፤ ሊያላግጥብን የሚዘፍን መስሎኝ ደሜ ፈላ።

«የእኛን ሞክር» ብዬ ካሴቷን ሰጠሁት።

ከተታት፣ ተጫነ። ዝም አለች። ጆሮውን አስጠጋ። አጠፋና ደግሞ ተጫነ። ዝም።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ በሽተኛዋ ካሴትሽ ናት» አለኝ። «ባዶ ናት። ማንም የለባትም።»

«ባዶ አይደለችም!» ብዬ ጮኽኩ። «እናቴ አለችባት!»

«ወላሂል አዚም፣ ቴፑ ጤነኛ ነው።»

ካሴቷ ትዞራለች፤ እኛ እንከራከራለን። ገበያተኛው ቆመ። ሁሉም ዘፈኑን ሰምቷል፤ ምስክርነቱ ለባለሱቁ ሆነ። እኛ ያለን ማስረጃ ዝምታ ነው፤ በዝምታ ማን ረትቶ ያውቃል። ከእሱ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ሆነብኝ።

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

«ባዶ ናት ይላል።»

አባቴ ባለሱቁን ዓይን ዓይኑን አዩት። «ንገሪው» አሉ፤ «እሷ ባዶ ነገር ልካ አታውቅም። መሶብ እንኳ ስትመልስ አንድ ነገር ሳትጨምርበት አትመልስም።»

ተረጎምኩለት። ባለሱቁ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያም ከበርሜሉ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቶ መጀመሪያ ለአባቴ፣ ቀጥሎ ለእኔ ሰጠን። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ሰድቤው እወጣ ነበር። እሱ ግን ያየውን ነበር የሚናገረው፤ ውሃ አጠጥቶ ነበር የሚክደን። ስንወጣ እንዲህ አለኝ፦ «በሌላ ሰው ቴፕ አሰሟት። ከተናገረች፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ አዲስ እሰጣችኋለሁ።»

ይህንን ለአባቴ ነገርኳቸው። አሁንም እንቢ አሉ። እንዲያውም ባሱ። «ባዶ ናት ተብሎ ነው አሁን ገበያ የማወጣት?» አሉ። መፍራት የጀመሩ ይመስለኛል፤ በሌላም ቴፕ ዝም ብትልስ? እኔም ያው ፍርሃት ነበረኝ። ስለዚህ ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ሱቅ ተመለስን። እሱም ያንኑ ዘፈን አዘፈነ፣ የእኛን ከተተ፣ ትንሽ ቆይቶ አወጣ፣ ራሱን ነቀነቀ። በመሐሉ በየቀኑ ጭነት መኪናዎች ሰው እያመጡ ያራግፉ ነበር። አባቴ እየሄዱ የሰዉን ፊት ያያሉ፤ በየት እንደመጡ ይጠይቃሉ፤ ገሚሱ በገላባት፣ ገሚሱ በከሰላ ይላቸዋል። ተመልሰው ቴፑን ያያሉ፤ እኔን ግን አያዩኝም።

በገበያው ጫፍ፣ ከእህል ተራው አጠገብ፣ ጃንጥላ ተክሎ ሬዲዮና ሰዓት የሚጠግን ትግርኛ ተናጋሪ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሸሸሁት በባለሱቁ ማስጠንቀቂያ ነው፤ መፍቻ ከነካው መቀየሩ ቀረብን። አምስተኛው ቀን ላይ ግን አላስቻለኝም። አባቴን እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው፤ ሲጎተቱ እንደ በግ ተከተሉኝ።

«መፍቻ ሳታነሣ ማየት ትችላለህ?» አልኩት።

«ብዓይነይ ጥራይ» አለ፤ በዓይኔ ብቻ ማለቱ ነው።

እሱም አንድ የዘፈን ካሴት ከተተ። ዘፈነ። ካሴታችንን ተቀበለኝና ሊከታት ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ካሴቷን ገልብጦ ጀርባዋን አየ። ከሣጥኑ ሌላ አሮጌ ካሴት አወጣና በእሷ ፋንታ ያንን ከትቶ ተጫነ። ማጫወቻውና ቀይዋ ቁልፍ አብረው ወረዱ። ድምፅ የለም። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«በዚህ ቴፕ ስንት ጊዜ ነው ያዳመጣችኋት?» አለኝ በአማርኛ።

«ኧረ እኔ እንጃ። ቤት ግማሽ ቀን። ሱቅም ሁለት ቀን።»

አጥፍቶ፣ ሁለቱን ካሴቶች ጎን ለጎን ይዞ አሳየኝ። የዘፈኑ ካሴት ጀርባ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የእኛ ላይ በዚያች ቀዳዳ ቦታ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። ቀይዋ ቁልፍ ድምፅ መቅጃ ናት አለኝ። ብቻዋን ካልተጫኗት መውረድ አልነበረባትም፤ የእኛ ቴፕ ላይ ግን ከማጫወቻው ጋር ተጣብቃለች። የዘፈን ካሴት ሲሆን፣ ማንም እንዳይቀዳበት ፋብሪካው ጥርሱን ነቅሎታልና ቀይዋን አያስወርዳትም፤ ስለዚህ ይዘፍናል። ጥርስ ያለው ካሴት ሲገባ ግን ቀይዋ ትወርዳለች፤ የነበረውን ድምፅ እየደመሰሰች፣ አጠገቧ የሚነገረውን ትቀዳለች።

«ስታዳምጡ አይደለም የከረማችሁት» አለኝ። «ስትቀዱ ነው።»

እኔ ገብቶኛል። አባቴ አልገባቸውም። «ምን ይላል?» አሉ። በአማርኛ ለተነገረ ነገር አስተርጓሚ ሲፈልጉ ያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። እኔ ወደ ጠጋኙ ዞሬ «የቀረውን አሰማን» አልኩት።

ጠጋኙ በወረንጦው የካሴቷን ጥርስ ቀጭ አደረጋትና ነቀላት። «ከእንግዲህ ማንም አይደመስስባትም» አለ። ከዚያ የራሱን አሮጌ ቴፕ ሳበና ካሴቷን ወደ መነሻዋ መለሳት።

«አባባ፣ እዚህ ትሰማ?» አልኳቸው። የእህል ተራው ጥቅጥቅ ብሏል። አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ትሰማ» አሉ።

መጀመሪያ የወጣው የእኔ ድምፅ ነው። «አትናገርም እኮ።» ቀጥሎ የአባቴ ሳቅ፤ ይሉኝታዋን፣ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኛ ደኅና ነን፣ ተናገሪ፣ እየሰማን ነው። አባቴ በሰላምታቸው ሰላምታዋን ደምስሰውት ነበር። የጠበቅነው ሁሉ እዚያ አለ፤ ትንፋሻችን፣ «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ያሉት፣ አህያው። በዙሪያችን የቆሙት ሰዎች ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ሱቁ መጣ። እኔ እጮኻለሁ፤ «እናቴ አለችባት!» ባለሱቁ ይምላል፤ «ወላሂል አዚም፣ ቴፑ ጤነኛ ነው።» ሳቁ ቆመ። አንዲት ለውዝ ሻጭ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም እናቴ።

«…እንግዲህ እንዳልኳችሁ፣ እዚያው ጠብቁኝ። ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ቢላችሁ እንዳትሰሙ፣ ከዚያ እንዳትነቃነቁ። ልጅቷ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። በሉ ደኅና ሁኑ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለባለቴፑ፦ «ጨረስኩ ወንድሜ፣ አጥፋው።»

«እሺ» አሉ አባቴ። ልማድ ነው፤ ካሴት ሲያናግር መልስ ይሰጣል። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው «እሺ፣ ደኅና ሁኚ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። ጠጋኙ ሌላ ድምፅ ካለ ብሎ እስከ መጨረሻዋ አሽከረከራት፤ የለም። ሌላውን ገጽ ገለበጠ፤ የእኛው ዝምታ ነው ያለው።

ክርክሩን ግን ረታን። ከአባቴ ጋር ወደ ባለሱቁ ሄጄ፣ ከራሱ ሱቅ ሌላ ቴፕ አስወርጄ ካሴቷን ከተትኩለት። የራሱ ድምፅ ወጥቶ «ቴፑ ጤነኛ ነው» ብሎ ሲምል ሰማ። እጁን አፉ ላይ ጫነ። «አስተግፊሩላህ» አለ፤ ደጋግሞም አለ። ሳልጠይቀው አዲስ ቴፕ ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ጥርስ ባለውም ጥርስ በሌለውም ካሴት ሞክሮ፣ የባትሪ ድንጋይ ጨምሮበት አሳቀፈኝ። አምስት ቀን የተሟገትኩበት ነገር ነበር። ስቀበለው ክብደቱ ብቻ ነው የተሰማኝ።

አባቴ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «ጠይቂው እስቲ» አሉ። «ዕቃው የእሱ ነው፣ ያውቅ ይሆናል። ያ የጠፋው፣ ቦታውን የተናገረችበት፣ ይመለስ እንደሆን።»

አልተረጎምኩትም። ባለሱቁ ምን አሉ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ፤ «አላህ ይስጥልን ይላሉ» አልኩት። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ የሚቆጨኝ ያ ነው፤ ቢያንስ ጥያቄያቸውን ሰው ይሰማላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ተካፈልን። አባቴ ገላባት ወረዱ፤ እኔ ከሰላ ሄድኩ። ከሰላ ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ነጋዴውን ከገበያ ገበያ ፈለግኩት፤ ወደ አገር ቤት ተመልሷል አሉኝ። ቢገኝስ፣ አልሰማሁም ብሎናል። አውቶቡስ በደረሰ ቁጥር፣ ጭነት መኪና በቆመ ቁጥር እየሮጥኩ ፊት አየሁ። ሕፃን የያዘች፣ እንደ እናቴ ትከሻዋ ጎበጥ ያለ ሴት ባየሁ ቁጥር ጮኼ ተጣራሁ፤ ብዙዎቹ ዞረውልኛል። ልክ እዚያ በቆምኩበት ሰዓት ገላባት ትደርስ ይሆናል እያልኩ እበሳጫለሁ፤ አባቴም ገላባት ሆነው ስለ ከሰላ እንዲሁ ሲሉ ነበር የከረሙት። «ከዚያ እንዳትነቃነቁ» ብላናለች። እኛ ከየትኛው እንዳንነቃነቅ ሳናውቅ እስከ ክረምቱ መግቢያ ቆምን። እናቴ አልመጣችም፤ እህቴም አልመጣችም። በየት በኩል እንዳልመጡ እንኳ አናውቅም።

ከገላባት የተመለሱ ዕለት አባቴ ውሃ ሳይጠጡ «አውጫት» አሉኝ። አዲሱን ቴፕ ጨርቁን ገልጬ አወጣሁ፤ ካሴቷን ከተትኩ። ማጫወቻው ብቻውን ወረደ፤ ቀይዋ ቀጥ ብላ ቆመች። የእኛን ሰላምታ፣ የእኛን ዝምታና የባለሱቁን መሐላ አሳልፈን ጠበቅን። እናቴ «እንግዲህ እንዳልኳችሁ፣ እዚያው ጠብቁኝ» አለች።

አባቴ ወደ ቴፑ ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ቀን እንዳደረጉት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የት?» አሉ። «አንቺ ሴት፣ የት?»

እናቴ ልጅቷ አሟት እንደነበር፣ አሁን እንደተሻላት ነገረቻቸው። ደኅና ሁኑ አለች፤ አጥፋው አለች። እኔም አጠፋሁት። የካሴቷ ጥርስ ተነቅሏልና ከዚያ ወዲህ የማንንም ድምፅ አትይዝም። አባቴ «የት?» ሲሉ የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነኝ።